ስለ ቡፌው የጠየቅሁ ዕለት

የባለቤትዎ አያት ስለ ጦርነቱ ዘመን ያወጉዎትን ይዘው ስለ ተራ ጀርመናውያን ልብ ወለድ ለመጻፍ እንዳሰቡ ገልጸው፣ «ትዝታቸውን እንዳለ ልጻፈው ወይስ ልለውጠው?» ሲሉ ጠይቀዋል። እኔም ሐምቡርግ ተወልደው ባደጉት አማቴ ትዝታ ላይ አራት ዓመት ስለ ደከምሁ፣ የገጠመኝን ልንገርዎ።

አማቴ እ.ኤ.አ. ከጁላይ 27 ወደ 28 ቀን 1943 ባነጋው ሌሊት የከተማዋ የሐመርብሩክ ሰፈር የአውሮፕላን ድብደባ ባስነሣው የእሳት ማዕበል ሲጋይ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበሩ። ውኃ የተነከረ ብርድ ልብስ ተከናንበው፣ የቀለጠው አስፋልት ጫማቸውን እየያዘባቸው እንዴት እንዳመለጡ ሲተርኩ አንድም ቃል አያዛንፉም። በእነዚያ ቀናት ድብደባ ከ30,000 በላይ ሰው አልቋል። የመጀመሪያው ረቂቄም በእሳቱ ተጀምሮ በእሳቱ የሚያልቅ፣ አንባቢን የሚያስለቅስ፣ ነገር ግን የእውነቱን ግማሽ ብቻ የያዘ ሥራ ነበር።

ጉድለቱ የታየኝ አማቴ የተቃጠለባቸውን ዕቃ ሲዘረዝሩ «ያ ቆንጆ ቡፌ» ባሉ ጊዜ ነው። አባታቸው የወደብ ወዛደር ስለ ነበሩ ከየት እንደ መጣ ጠየቅሁ፤ ዝም አሉ። ከሳምንታት በኋላ ቡና እየጠጣን ሳለ፣ በ1942 ከጨረታ በርካሽ እንደ ተገዛ፣ መሳቢያው ውስጥም የሌላ ሰው ስም ፊደላት የተጠለፉበት የጠረጴዛ ልብስ እንደ ተገኘ ነገሩኝ። ከኦክቶበር 1941 ጀምሮ የሐምቡርግ አይሁዳውያን ከሐኖፈርሸር ባንሆፍ ጣቢያ ወደ ምሥራቅ ሲጋዙ፣ መንግሥት የወረሰው ንብረታቸው በአደባባይ ይሸጥ ነበር፤ ከገዢዎቹም ብዙዎቹ ተራ የከተማው ነዋሪዎች ነበሩ። (እኛም ዘንድ ቢሆን የአርበኛ የልጅ ልጅ እንጂ የባንዳ የልጅ ልጅ አይገኝምና ዝምታቸው አልገረመኝም።)

ስለዚህ እሳቱን እንደ ነገሩዎት ይጻፉት፤ የዘለሉትን ግን ሰነድ አገላብጠው በምናብ ይሙሉት። ሕፃን ገጸ ባሕርይ ካለችዎት፣ ከ1945 በኋላ የታወቀውን አስቀድማ እንዳታውቅ ይጠንቀቁ። የእኔዋ ልጅ ፊደላቱ የማን እንደ ሆኑ ትጠይቃለች፤ እናቷም መልስ ሳትሰጥ ጥልፉን ፈትታ በቦታው አበባ ትጠልፍበታለች። ከዚያ በላይ አላብራራሁም።

ባለቤቴ ያንን ምዕራፍ በጀርመንኛ እየመለሰች ስታነብላቸው አማቴ አንዲት ነገር ብቻ አረሙኝ፤ ክሩ ሰማያዊ ነበር አሉ። ታናሽ ወንድማቸው ግን ስምና ሙያ ብቀይርም ጨረታውን መጻፌን እስካሁን አልወደዱትም፤ እርስዎም ረቂቁን ለአሳታሚ ከመስጠትዎ በፊት ለቤተ ሰቡ ያስነብቡት።