«ኤክስፕሌይን ሚ» ለምን አይባልም?

ልጆቼ፣

እንግሊዝኛ ሳስተምር ከ30 ዓመት በላይ ሆኖኛል። በየዓመቱ አንድ ስሕተት ይገጥመኛል፦ «ኤክስፕሌይን ሚ ዚስ ኩዌስችን»። እኔም ዩኒቨርሲቲ እንደገባሁ ለመምህሬ ይህንኑ ብዬ ክፍሉ ሳቀ። ለምን እንደተሳሳትኩ ግን ማንም አልነገረኝም። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ይኼኛው ነው።

ስሕተቱ የስንፍና አይደለም። የመጣው ከአማርኛችን ነው። እኛ «አስረዳኝ» እንላለን፤ «ኝ» ግሡ ላይ ትለጠፋለች። «ኤክስፕሌይን» ግን አጠገቡ የሚፈልገው ሰውን ሳይሆን ነገሩን ነው፦ «ኤክስፕሌይን ዚስ ኩዌስችን ቱ ሚ»። የሚብራራው ጥያቄ ቀጥተኛ ተሳቢ ነው። ማብራሪያው የሚደርሰኝ እኔ ደግሞ ኢ-ቀጥተኛ ተሳቢ ነኝ። «ሴይ»፣ «ሰጀስት» እና «ዲስክራይብ»ም እንዲሁ ናቸው።

አማርኛ «ን» አለችው። «ልጁ ውሻውን አባረረው» በሉ፣ «ውሻውን ልጁ አባረረው» በሉ፣ ያው አባራሪው ልጁ ነው። እንግሊዝኛ «ን» ስለሌለው በቦታ ይለያል። ለዚህ ነው «አይ ጌቭ አልማዝ ዘ ቡክ» ሲባል ተቀባይዋ የምትቀድመው። መጽሐፉን ካስቀደማችሁ «ቱ» የግድ ትገባለች፦ «አይ ጌቭ ዘ ቡክ ቱ አልማዝ»።

ተማሪዎቼ በጣም የሚቸገሩት ግን «ቱ»ን ከ«ፎር» መለየት ላይ ነው። አይፈረድባቸውም፤ በአማርኛ ሁለቱም «ለ» ናቸው። እኔ የምመክራችሁ ግሡን በአማርኛ ወደ ራሳችሁ አዙራችሁ እንድትሉት ነው። ሰጠችኝ፣ አሳየችኝ፣ ነገረችኝ። «ኝ» ብቻዋን ናት፤ እንግሊዝኛው «ቱ» ይላል። ገዛችልኝ፣ ሠራችልኝ፣ አበሰለችልኝ። እዚህ «ል» መሃል ገብታለች፤ እንግሊዝኛው «ፎር» ይላል። ሰዋስዋችሁን በደንብ ካያችሁት ብዙ ነገር ያግዛችኋል።

ሁሌ ግን አይሠራም። ላከችልኝ፣ ጻፈችልኝ፣ አነበበችልኝ «ል» እያላቸው ብዙ ጊዜ በ«ቱ» ይሄዳሉ። ደብዳቤው ከእጇ ወጥቶ ወደ እኔ ይመጣል፤ የምታነበውም ጆሮዬ ይደርሳል። እነዚህን ሦስቱን በቃላችሁ ያዙ።

አሁን ደብተር አውጡና «ለእናቴ ቡና አፈላሁላት» የሚለውን በሁለቱም መንገድ፣ አንዴ እናትን አንዴ ቡናውን አስቀድማችሁ፣ በእንግሊዝኛ ጻፉ። «አፈላሁላት» ውስጥ ያለችውን «ላ» ልብ በሏት።