ያልሠለጠንኩበትን የቪዲዮ ሕክምና «በኃላፊነት ፈርሚ» ተባልኩ፤ ምን ላድርግ?

ጥያቄ፦ ፍኖተ ሰላም በሚገኝ አንድ የግል ክሊኒክ በነርስነት ስሠራ አምስት ዓመት አልፎኛል። በቅርቡ ክሊኒኩ ባሕር ዳር ካለ ስፔሻሊስት ጋር በቪዲዮ ማሳከም ጀምሯል። በሽተኛው እኔ ጋር ይቀመጣል፣ ሐኪሙ በስክሪን ያየዋል። የምለካው፣ ቁስሉን ፎቶ የማነሳው፣ የታዘዘውን የምፈጽመው እኔ ነኝ። መምጣት የማይችሉ አረጋውያንንም ቤታቸው ድረስ ሄጄ ከሐኪሙ ጋር አገናኛለሁ። ሥልጠና ተብሎ የተሰጠኝ የአንድ ከሰዓት በኋላ ገለጻ ብቻ ነው። ፎቶውን የምልከው በራሴ ስልክ፣ በቴሌግራም ነው። ማታም ይደወልልኛል። አሁን ባለቤቱ «ለሚፈጠር ስህተት ሁሉ ኃላፊነቱን እወስዳለሁ» የሚል ወረቀት ፈርሚ አሉኝ። «ካልቻልሽበት ሌላ ሰው እንቀጥራለን» ይላሉ። ይችላሉ ወይ?

መልስ፦ ሲስተር፣ ያንን ወረቀት እንዳለ አይፈርሙት። አንብቤ ልመልስ ብለው ኮፒውን ይውሰዱ።

ወረቀቱ በሽተኛውን አያስርም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 2651 የሕክምና ተቋም የቀጠራቸው ሐኪሞችና ረዳቶች በጥፋታቸው በሽተኛ ቢጎዱ ተቋሙን ተጠያቂ ያደርጋል። እርስዎ ፈረሙም አልፈረሙም የተጎዳው ሰው ክሊኒኩን መክሰስ ይችላል። ወረቀቱ ለክሊኒኩ የሚጠቅመው ከዚያ በኋላ ነው። ካሣ ከከፈለ በኋላ ዞሮ «አንቺ ፈርመሻል» ሊልዎት ይችላል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 59 ደመወዝ የሚቆረጥባቸውን ምክንያቶች ሲዘረዝር የሠራተኛውን የጽሑፍ ስምምነት አንዱ አድርጎታል። ፊርማዎ እንደዚያ ያለ ስምምነት ተደርጎ እንዳይቀርብብዎት እሰጋለሁ።

ይህ ማለት ግን እርስዎ አይጠየቁም ማለት አይደለም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2031 ማንኛውም ባለሙያ የሙያውን ደንብ እንዲያከብር ያዛል። የሐኪሙ ፊት በስክሪን ስለታየ የነርስ ፈቃድዎ አይሰፋም። ነርስ እንዲሠራው ያልተፈቀደ ነገር በቪዲዮ ቢታዘዙ «ይህ ከፈቃዴ ውጭ ነው» ማለት መብትዎም ግዴታዎም ነው። የወንጀል ኃላፊነትም በወረቀት ከአንዱ ወደ ሌላው አይተላለፍም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። «ካልቻልሽበት» የሚለው ማስፈራሪያ ብዙ ሰው ያስደነግጣል፤ ሕጉ ግን በቀላሉ አይፈቅደውም። የአዋጁ አንቀጽ 28 በችሎታ ማነስ በማስጠንቀቂያ ማሰናበት እንደሚቻል ይደነግጋል። ነገር ግን አዲስ ክህሎትን በተመለከተ የሚያወራው ስለ ሁለት ዓይነት ሠራተኛ ነው። አንዱ አሠሪው ያዘጋጀለትን የሥልጠና ዕድል አልቀበልም ያለ ነው። ሌላው ሠልጥኖም አስፈላጊውን ችሎታ ማግኘት ያልቻለ ነው። እርስዎ ከሁለቱም አይደሉም። ሥልጠና እምቢ አላሉም፤ በወጉም አልሠለጠኑም። የችሎታ መቀነስ ደግሞ በየጊዜው በሚደረግ የሥራ አፈጻጸም ምዘና መረጋገጥ አለበት። ባለቤቱ ስለተናደዱ ብቻ ተረጋገጠ አይባልም። ይህ ሁሉ ተሟልቶ እንኳ አምስት ዓመት ለሠራ ሰው የሁለት ወር ማስጠንቀቂያ ይገባዋል።

ስለዚህ ሥልጠናውን እርስዎ ቀድመው ይጠይቁ፣ በጽሑፍ። እዚህ ላይ አደራ እላለሁ። «ሥልጠና ይሰጠኝ» ብሎ ዝም ማለት አይበቃም፤ ምን ምን እንደሚፈልጉ ዘርዝረው ይጻፉ። መሣሪያውን መክፈትና መዝጋት ትንሹ ነገር ነው። ሐኪሙ በእጁ መዳሰስ የማይችለውን ሆድ እርስዎ ዳስሰው በቃል እንዴት እንደሚያስረዱ፣ የቁስሉ ቀለምና ስፋት በትክክል እንዲታይ ብርሃኑንና ካሜራውን እንዴት እንደሚያስተካክሉ፣ ምን ዓይነት ምልክት ሲያዩ ቪዲዮውን አቁመው በሽተኛውን በአምቡላንስ ወደ ሆስፒታል እንደሚልኩ ተለማምደው ማወቅ አለብዎት። ኔትወርክ ወይም መብራት መሐል ላይ ሲሄድስ? እንደኛ አካባቢ ይህ በየጊዜው የሚያጋጥም ነው። ያኔ ለማን እንደሚደወልና ማን እንደሚወስን አስቀድሞ የተጻፈ መመሪያ ይኑር። አረጋውያን ቤት ሲሄዱ ደግሞ ሌላ ክህሎት ያስፈልጋል። ጆሯቸው የከበደ እናት ሐኪሙ ያለውን ሳይሰሙ «እሺ ልጄ» ሊሉ ይችላሉ። ጎረቤት ቡና ላይ ተቀምጦ እያለም ስለ ሽንታቸው መጠየቅ አይገባም። እነዚህ ሁሉ የሥልጠና ርእሶች ናቸው፤ ባለቤቱን ማስቸገር አይደለም። እንዲያውም ነገ ክሊኒኩ ቢከሰስ ሠራተኛውን ማሠልጠኑን የሚያሳይ ሰነድ ለራሱም ይጠቅመዋል። ሥልጠናው እውቅና ባለው ተቋም ከተሰጠ ፈቃድዎን ሲያሳድሱ ለሚጠየቁት ተከታታይ የሙያ ማሻሻያም ሊያዝልዎት ስለሚችል ይህንንም አብረው ያንሡ።

በስልክ የሚሰጥ ትእዛዝን በተመለከተ አንድ ልማድ ይያዙ። የመድኃኒቱን ስምና መጠን ለሐኪሙ መልሰው ያንብቡለት። ከዚያ ሰዓቱን፣ የሐኪሙን ስምና የታዘዘውን በካርዱ ላይ ይጻፉ። ክርክር ሲነሣ ፍርድ ቤት የሚያየው ያንን ካርድ ነው።

የግል ስልክዎና ቴሌግራሙ ግን ዛሬውኑ መቆም አለበት። የጤና መረጃ በግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የተለየ ጥበቃ ከሚደረግላቸው ዳታዎች አንዱ ነው። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 399ም የሙያ ምስጢር ያወጣን ሰው ይቀጣል፤ ነርሶችንም ይጨምራል። የአንዲት እናት የጡት ቁስል ፎቶ ከቤተሰብ ፎቶ ጋር በስልክዎ ተቀምጦ ስልኩ ቢሰረቅ ምን ሊመጣ እንደሚችል ያስቡት። በአዋጅ 1156 አንቀጽ 12 መሠረት በውሉ ሌላ ነገር ካልተባለ የሥራ መሣሪያ የሚያቀርበው አሠሪው ነው። ስልክም፣ የኢንተርኔት ጥቅልም መሣሪያ ነው። ፎቶ ከማንሳትዎ በፊት የበሽተኛውን ፈቃድ ይጠይቁ፤ መጠየቅዎንም ይመዝግቡ።

የማታው ጥሪ ትርፍ ሰዓት ነው፤ አሠሪው እስካዘዘዎት ድረስ። መደበኛው ሥራ በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ነው። እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ድረስ ለሠሩት የሰዓት ክፍያዎ በ1.5፣ ከዚያ እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት በ1.75 ይባዛል። በሰዓት 50 ብር ከሆነ በመጀመሪያው 75፣ በሁለተኛው 87.50 ብር ማለት ነው። የሳምንት ዕረፍት ቀን በ2፣ የሕዝብ በዓል በ2.5 ይሰላል። «ሂጂ» ያሉበትን መልእክት አያጥፉ። የትርፍ ሰዓት ክፍያ በ6 ወር ውስጥ ካልተጠየቀ በይርጋ ይታገዳል፤ ማለትም ጊዜው ስላለፈ መጠየቅ አይቻልም።

ደብዳቤዎን በሁለት ኮፒ ያዘጋጁ፤ አንዱን ሰጥተው ሌላውን «ተቀብያለሁ» ብለው እንዲፈርሙበት ያድርጉ። አልፈርምም ካሉ በምስክር ፊት ይስጡ። ባለቤቱ ክፉ ናቸው ብዬ አልጠረጥርም። ብዙዎቹ እንዲህ ያለውን ወረቀት ከሌላ ቦታ አይተው ነው የሚያመጡት። በወግ ቢነጋገሩ፣ «እንደ ፈቃዴና እንደተሰጠኝ ሥልጠና ለምሠራው እጠየቃለሁ» በሚል ሐሳብ ሊተኩት ይችላሉ። እንደዚያ ከሆነ መፈረም ይችላሉ።

ካልተስማሙ በከተማው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይን ለሚመለከተው ጽሕፈት ቤት ያመልክቱ። ስላመለከቱ ብቻ ማሰናበት በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጁ አንቀጽ 26 የተከለከለ ነው። ካሰናበቱዎት ወደ ሥራ ልመለስ የሚለውን ክስ በ3 ወር ውስጥ በወረዳው ፍርድ ቤት ማቅረብ አለብዎት፤ ለሠራተኛ የዳኝነት ክፍያ የለበትም። በመንግሥት ሆስፒታል ወይም ጤና ጣቢያ ለምትሠሩ ግን ይህ አዋጅ አይመለከታችሁም። የእናንተ ጉዳይ በመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ይታያል፤ መጀመሪያ የሚቀርበውም ለመሥሪያ ቤታችሁ የቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ ነው።