ይሄ ስንት ያወጣል?

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ግማሽ ቀን የምሠራበት ፋርማሲ አለ። ሐምሌ ላይ ዝናቡ ደንበኛ ሲያስቀርብን ክርና መርፌዬን አውጥቼ ሹራብ መሥራት ጀመርኩ። አብራኝ የምትሠራው ልጅ ትንሽ አየችኝና "እትዬ፣ ይሄ ስንት ያወጣል? ቲክቶክ ላይ ብንለቀው እኮ በደንብ ይሸጣል!" አለችኝ። ለደግ ነው ያለችው። እኔን ግን ሲከነክነኝ ዋለ።

ሥራ ስጀምር የተመደብኩት ደብረ ብርሃን ነበር። ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ብርዱ ግን የሌላ አገር ነው። ከፍታው ወደ 2,800 ሜትር ይጠጋል። ክረምት ጭጋጉ ቶሎ አይነሳም። ኅዳርና ታኅሣሥ ደግሞ ሣሩ ውርጭ ለብሶ ያድራል። ብርድ ልብስ ፋብሪካው እዚያ መተከሉ አይገርምም።

አከራዬ የመንዝ ሴት ነበሩ። ማታ ማታ ምድጃ ዳር ቁጭ ብለው የበግ ፀጉር በእንዝርት ይፈትላሉ። ፈትሉን ሸማኔ ወስዶ ባና ያደርገዋል። እኔም ሁለቱን መርፌዎቼን ይዤ ጎናቸው እቀመጣለሁ። ሹራብ መሥራት የተማርኩት ተማሪ ቤት፣ በባልትና ክፍለ ጊዜ ነው። እሳቸው "ያለ ሸማኔ ደግሞ ምን ልብስ አለ?" እያሉ ይስቁብኛል። እውነትም ሸማ ድርና ማግ ይፈልጋል። ሹራብ ግን አንድ ክር ነው፣ ራሱን በራሱ እየቆለፈ ይሄዳል። ለዚህ ነው ሲስቡት የሚለጠጠው፤ ጫፉ ከተፈታም ሁሉም የሚተረተረው። ቀን ኪኒን እቆጥራለሁ፣ ማታ የክር ቀለበት እቆጥራለሁ። የማታውን ብሳሳት የሚጎዳ ሰው የለም። ተርትሬ እንደገና እጀምራለሁ። ወሬ ካለ እናወራለን፣ ከሌለም እሳቱ አለ።

አንድ ክረምት ባለሱቅ የለበስኩትን አየና የተማሪ ሹራብ አዘዘኝ። ለመስከረም የሚደርስ፣ ሁሉም ጥቁር ሰማያዊ። ደመወዜ ትንሽ ስለነበረች እሺ አልኩ። ከዚያ ወዲያ ምሽቱ ምሽት መሆኑ ቀረ። መብራት ሲጠፋ በሻማ ነው። ጥቁር ሰማያዊ ክር በሻማ ብርሃን አይታይም፣ ቀለበቱን በጣት እየዳሰሱ ነው የሚሠራው። አንዷ ካመለጠች ደግሞ ከሥሯ ያሉትን እያስለቀቀች እንደ መሰላል ትወርዳለች። አከራዬ ወሬ ሲጀምሩ "ቆይ እማማ፣ እየቆጠርኩ ነው" እላለሁ። እየቆየ እሳቸውም ማውራቱን ተዉት። እንዝርቱ ብቻ ይዞራል። ባለሱቁ መጥቶ አንዱን እጅጌ ለካና "ሁለት ጣት ያጥራል" ብሎ መለሰልኝ። ጳጉሜን ላይ ሁሉንም አስረከብኩ።

ገንዘቡ ጥሩ ነበር፤ አልዋሽም። አልጋ ገዛሁበት፣ ዛሬም የምተኛው እሱ ላይ ነው። መርፌዎቹን ግን ሻንጣ ሥር ከተትኳቸው። አዲስ አበባ ስዛወርም ለብዙ ዓመት አላወጣኋቸውም። ልጆቼ ያደጉት የሰልባጅ ሹራብ ለብሰው ነው። አራስ ልጠይቅ ስሄድ የምይዘው ኮፍያና ካልሲ እንኳ የሱቅ ነበር። ያንን ክረምት በአልጋ ለወጥኩት ማለት ነው። እስካሁን ይቆጨኛል።

የዛሬ ልጆች እጃችሁ የነካው ሁሉ ቢዝነስ ካልሆነ የባከነ ይመስላችኋል። ድፎ ዳቦ የጋገረው ሁሉ ገጽ ይከፍታል። የቤት ኪራዩን እሰማለሁ፣ ወዳችሁ እንዳልሆነም ይገባኛል። ደግሞስ እኔ ማን ነኝና? ዳንቴል እየሸጠች ልጆቿን ያስተማረች ጎረቤት ነበረችኝ። በሰፈሩ የእሷ ዳንቴል ያልለበሰ ቴሌቪዥን አልነበረም። ኋላ ቴሌቪዥኑ ቀጥኖ ግድግዳ ላይ ሲሰቀል ዳንቴሉ ማረፊያ አጣ እንጂ። እሷን "ለምን ሸጥሽ" የሚል ካለ እጣላዋለሁ። ለፋርማሲዋ ልጅ ግን "አይሸጥም" አልኳት፤ ማብራሪያ አልጨመርኩም።

አጀማመሩን እዚህ አላስተምርም፣ ዩቲዩብ ላይ ከእኔ አሳምሮ የሚያሳይ ሞልቷል። ክሩ ውድ ነው ካላችሁ ሰልባጅ ተራ ሂዱና ነጣ ያለ የሱፍ ሹራብ ፈልጉ። ስፌቱን ፈትታችሁ ከአንገቱ በኩል ተርትሩት። ክሩ ተጨማዶ ይወጣል፤ አትደንግጡ። ወንበር መደገፊያ ላይ ጠምጥሙት፣ እንዳይወሳሰብ ሦስት አራት ቦታ ላላ አድርጋችሁ እሰሩት። ለብ ባለ ውሃ አጥባችሁ፣ ከታች ቀለል ያለ ዕቃ አንጠልጥላችሁበት ይድረቅ። ቀጥ ይላል። ከመግዛታችሁ በፊት ግን ሹራቡን ገልብጡና የጎኑን ስፌት እዩ። ጠርዙ ተቆርጦ በማሽን የተዘመዘመ ከሆነ ተዉት፣ ክሩ ቁርጥራጭ እየሆነ ነው የሚወጣው።