ልጆቹን ስትጽፏቸው

ልጆቼ፣ ዘንድሮ ለቲሲስ (ለመመረቂያ ጽሁፍ) መረጃ ልትሰበስቡ ፊልድ ምትወጡ፣ ስለ ተማሪዎች ህይወት ምትጽፉ ሁሉ፣ ከመሄዳችሁ በፊት ይቺን ስሙኝ።

አንድ ጊዜ አንዷን ልጅ ለምን ከ7ኛ ክፍል እንደቀረች ስጠይቃት "አልሆነልኝም" አለችኝ፣ እኔም ወደ እንግሊዝኛ ሳዞረው "አልተሳካላትም" አስመስዬ ጻፍኩና "አቋራጮች" ከሚለው ኮድ (መልሶችን ምንመድብበት ስያሜ) ስር ከተትኳት። ቆይቼ ቴፑን ደግሜ ስሰማው ግን ቀጥላ ምታወራው አለ፣ እናቷ ታማለች፣ ህዳር ነው የጤፍ አጨዳ ደርሷል፣ ህጻናቱን ሚይዝ የለም፣ "ለዘንድሮ ነው እንጂ መች ተውኩት" ትላለች! ትምህርት መስከረም ይከፈታል፣ ገና ሳይሞቅ አዝመራው ይደርሳል፣ የገጠር ልጅ ሁለቱን እኩል ያዝ ይባላል፣ እናንተ ይሄን ሳትጽፉ "አቋረጠች" ብላችሁ ካለፋችሁ ጥፋቱን እሷ ላይ ጣላችሁት ማለት ነው። የተናገሩትን ቃል በአማርኛው ያዙት፣ ትርጉሙ ይቆያል።

ያንግ ላይቭስ (Young Lives) ሚባለውን፣ የልጆችን ህይወት ለዓመታት ሚከታተለውን ጥናት እዩ፣ ከ2002 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ እኛ አገር በ20 ሳይት 3,000 ልጆችን ይዞ ነው የተነሳው፣ ከነሱ የተወሰኑትን ደግሞ በ2007፣ 2008፣ 2011 እና 2014 እየተመላለሰ ቁጭ ብሎ አናግሯል። ህይወታቸው በአንድ ኢንተርቪው አያልቅማ። እናንተ ያን ያህል ጊዜ የላችሁም፣ ይገባኛል፣ ግን አንዴ እንኳን ተመልሳችሁ የጻፋችሁትን አንብቡላቸው።

ፈቃድ ስትጠይቁም አስተማሪው ቆሞ እያየ ከሆነ "እሺ ጋሼ" ማለታቸውን እንደ ፈቃድ አትቁጠሩት፣ ያ ትልቅ ሰው ማክበር ነው። ብቻቸውን ስትሆኑ፣ ብትተዉትም ማንም አይቆጣችሁም ብላችሁ እንደገና ጠይቋቸው።

የስም ነገር ደሞ እስካሁን ይቆረቁረኛል። የአንዷን ልጅ ስም ቀይሬ ስለ ፍቅረኛዋ የነገረችኝን ሪፖርት ላይ አስገባሁ፣ ግን "አባቷ ወፍጮ ቤት አላቸው" ብዬ ጽፌ ነበር፣ በቀበሌው ያለው ወፍጮ ደግሞ አንድ ብቻ ነው። ሪፖርቱ ትምህርት ቤቱ ደረሰ፣ ሰው ሁሉ አወቃት። ይቅርታ ልጠይቅ ቤታቸው ድረስ ሄድኩ፣ እናትየው ቡና አፍልተው ተቀበሉኝ፣ እሷ ግን ሦስተኛው እስኪጠጣ ድረስ ከጓዳ አልወጣችም።