ሻጋታ የያዘ የፓል ካሴት በአሜሪካ ዴክ

ጥያቄ፦ «የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። ወንድሜ ለንደን የገዛው የኩዊን ባንድ የቪዲዮ ክሊፖች ስብስብ አለኝ፤ እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣው ‹ግሬተስት ፍሊክስ› ነው። ቤዝመንት ውስጥ ለዓመታት ተቀምጦ ነበር። እዚህ በገዛሁት ዴክ ላጫውተው ስሞክር ሥዕሉ ይንከባለላል፣ ቀለምም የለውም። በካሴቱ መስኮት ሳየው የቴፑ ጠርዝ ላይ ነጭ ነጭ ነገር አለ። ልጄ ዩኤስቢ ላይ የሚሰካ መቅጃ ገዝተን ኮምፒውተር ላይ እንገልብጠው ይላል። ድሮ አዲስ አበባ ስናየው ደህና ነበር፤ ‹ቦሂሚያን ራፕሶዲ› ላይ ብቻ የዘፋኙ የፍሬዲ ፊት እየተደጋገመ ይጎተት ነበርና ያኔም ካሴቱ ተበላሽቷል እንል ነበር። ምን ይሻለኛል?»

መልስ፦ ካሴቱ አሁንም ዴኩ ውስጥ ካለ ያውጡት፤ ደግመውም አያስገቡት። የገጠሙዎት ሁለት የማይገናኙ ችግሮች ናቸው። ሥዕሉ የሚንከባለለው ካሴቱ ስለተበላሸ ሳይሆን ዴኩ የአሜሪካ ስለሆነ ነው። ጠርዙ ላይ ያለው ነጭ ነገር ግን ሻጋታ ነው፤ ጊዜ የማይሰጠውም እሱ ነው። ሻጋታ የያዘ ቴፕ ሲዞር ብናኙ ሄዶቹ (ቴፑን የሚያነቡት ጫፎች) ላይ ይለጠፋል፤ የቆሸሸ ሄድ ደግሞ ቴፑን መፋቅ ይጀምራል። እርስ በርሱ የተጣበቀ ቦታ ካለም ቴፑ እዚያ ላይ ይበጠሳል። ከዚያ በኋላ በዚያው ዴክ የሚገባው ካሴት ሁሉ ይበከላል፤ ስለዚህ የሞከሩበት ዴክ ሳይጸዳ የሠርግም ሆነ የልደት ካሴት እንዳያስገቡበት።

የፓልንና የኤንቲኤስሲን፣ ማለትም የእንግሊዝንና የአሜሪካን የተለያዩ የቪዲዮ አሠራሮች ነገር እናስቀድም። እንግሊዝ የተሸጠ ቪኤችኤስ (የተለመደው የቤት ቪዲዮ) ካሴት 625 መስመርና በሰከንድ 25 ፍሬም (ነጠላ ሥዕል) ይዟል፤ የአሜሪካው ዴክ የሚጠብቀው 525 መስመርና 30 ገደማ ፍሬም ነው። ቴፑ የሚሮጥበት ፍጥነት እንኳ አንድ አይደለም፤ በፓል በሰከንድ 23.39 ሚሊሜትር ሲሆን በኤንቲኤስሲ 33.35 ነው። ሄዶቹን የተሸከመው ድራም በፓል በደቂቃ 1500 ጊዜ፣ በኤንቲኤስሲ ወደ 1800 ጊዜ ይዞራል። ስለዚህ ትራኪንጉን (ሄዱን ከቴፑ ጽሑፍ ጋር የሚያገጣጥመውን ማስተካከያ) ቢነካኩ፣ ገመድ ወይም ቴሌቪዥን ቢቀይሩ ምንም አይፈይድም። አዲስ አበባ ያለ ችግር ያዩት ኢትዮጵያ ፓል ትጠቀም ስለነበር ነው። የሚያሳስት ነገር ደግሞ አለ፦ ብዙ የፓል ዴኮች ፊታቸው ላይ «ኤንቲኤስሲ ፕሌይባክ» የሚል ጽሑፍ አለባቸው፤ የአሜሪካ ካሴት ያጫውታሉ ማለት ነው። ተራ የአሜሪካ ዴክ ግን የፓል ካሴት አያጫውትም።

አሁን ወደ ሻጋታው። ካሴቱን በቀጥታ ከቀዝቃዛው ቤዝመንት ወደ ሞቀ ክፍል አምጥተው አይክፈቱት፤ በክዳኑ እንዳለ አንድ ቀን ሙሉ የክፍሉን ሙቀት ይልመድ፤ አለበለዚያ ጤዛ ይይዛል። ቀጥሎ ክዳን ባለው ፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ከሲሊካ ጄል ጋር አንድ ሳምንት ያህል ያቆዩት። ይህ ለይስሙላ የሚደረግ አይደለም። እርጥብ ሻጋታ ሲነካ እንደ ቅባት ይቀባል፤ የደረቀው ግን ዱቄት ሆኖ ይረግፋል። ሥራውን ደጅ ወይም በረንዳ ላይ ይሥሩት፤ ኤን95 ማስክና ጓንት ያድርጉ። አስም ያለበት ሰው ጭራሽ አይጠጋ።

የካሴቱ ጀርባ ላይ አምስት ትንንሽ ብሎኖች አሉ፤ በፊሊፕስ ካቻቢቴ ይፈታሉ። ብሎኖቹን ከፈቱ በኋላ ካሴቱን ገልብጠው ጠረጴዛ ላይ ያሳርፉትና የላይኛውን ልባስ ቀጥ አድርገው ያንሱ፤ ዘንበል ካደረጉት የክዳኑና የፍሬኑ ስፕሪንጎች ይፈናጠራሉ። ምንም ሳይነኩ ቴፑ በየትኛው ሮለርና ዘንግ እንደሚያልፍ በስልክዎ ፎቶ ያንሱ። ሁለቱን ጥቅሎች አውጥተው ጠርዛቸውን ለስላሳ፣ ደረቅ ብሩሽ ይጥረጉ፤ ብናኙን ሄፓ ማጣሪያ ያለው ቫኪዩም እየሳበ ይሁን። ቴፑ ላይ ውኃ፣ የመስኮት ማጽጃም ሆነ የመድኃኒት ቤት 70 በመቶ አልኮል አይድረስ። ሲጨርሱ ጥቅሎቹን ወደ አሮጌው ልባስ አይመልሷቸው፤ ብሎን ካለው የማይፈለግ ካሴት ንጹሕ ልባስ ወስደው እዚያ ይግጠሟቸው። መለያ ወረቀቱ የተለጠፈበትን ኦሪጅናል ልባስ ለብቻው ያስቀምጡት።

ጠርዙ ቢጸዳም በጥቅሉ ውስጥ የተደበቀ ብናኝ ይኖራል። እሱን ለማውጣት ርካሽ የካሴት መጠቅለያ ማሽን ይበቃል። ቴፑ በሚያልፍበት ቦታ ክር የማይለቅ ደረቅ ጨርቅ በቀስታ ይያዙበትና እስከ መጨረሻው ያስኪዱት፤ ከዚያ ይመልሱት። ጨርቁን በየጊዜው ይቀያይሩ፤ የቆሸሸ ጨርቅ ቴፑን ይጭራል። ማሽኑ ሲከብደው ከሰሙ ወዲያው ያቁሙ፤ ቴፑ ተጣብቋል ማለት ነው፣ ጥቅሉን በእጅ ቀስ እያሉ ማላቀቅ ይሻላል። ይህን ሥራ በዴክ አይሥሩት። ክዳኑ የተከፈተ ዴክ ከሶኬት ጋር ከተገናኘ ፓወር ሰፕላዩ አካባቢ ሰው የሚገድል ቮልቴጅ አለ።

የሞከሩበትን ዴክ ለማጽዳት መጀመሪያ ከሶኬት ይንቀሉት። 99 በመቶ አይሶፕሮፒል አልኮል የነካ የሻሞይ ቆዳ ድራሙ ላይ ሳያንቀሳቅሱ ያሳርፉና ድራሙን ከላይ በኩል በጣትዎ ያዙሩት። ቆዳውን ወደ ላይና ወደ ታች ማሸት ሄዱን ይሰብራል። የጆሮ ጥጥም አይሆንም፤ ክሩ ሄዱ ጫፍ ላይ ይቀራል።

የፓል ዴክ ማግኛው መንገድ ሦስት ነው። እንደ ሳምሰንግ ኤስቪ-5000ደብሊው ወይም ፓናሶኒክ ኤጂ-ደብሊው1 ያለ ሁሉን የሚያነብ ዴክ ያገለገለ ይገኛል። እነዚህ ፓሉን ወደ ኤንቲኤስሲ ለውጠው ማውጣት ይችላሉ፤ ለመቅዳት ግን ይህን ማስተካከያ ያጥፉት። ለውጡ 25ቱን ፍሬም ወደ 30 ሲለጥጥ እንቅስቃሴው ይንቀጠቀጣል፤ ያ ደግሞ በኋላ አይታረምም። ሁለተኛው ከአውሮፓ የመጣ ኤስ-ቪኤችኤስ (የተሻሻለ የቪኤችኤስ ዓይነት) ዴክ ነው፤ ከ110 ወደ 220 ቮልት የሚያሳድግ የ100 ዋት ትራንስፎርመር ይበቃዋል። ሦስተኛው አዲስ አበባ ያለ ዘመድ ነው፤ ደህና የሚሠራ የፓል ዴክ ካላቸው ካሴቱን ካጸዱ በኋላ መላክ ከሁሉም ይረክሳል። ብቻ ሳይጸዳ አይላክ፤ የሰው ዴክ ይበላሻል።

ልጅዎ ያሰበው መቅጃ ሐሳቡ መጥፎ አይደለም፤ ዕቃውን ግን ይምረጥ። ስምና መለያ የሌላቸው ርካሽ መቅጃዎች ብርሃኑን በራሳቸው ከፍ ዝቅ ስለሚያደርጉ ነጩ ቦታ ይቃጠላል። የሚገዛው ኤስ-ቪዲዮ መግቢያ ያለውና ፓልን መቀበል የሚችል ይሁን። ቪኤችኤስ ብርሃንንና ቀለምን ለየብቻ ነው የሚጽፈው፤ በቢጫው ገመድ ሲወጡ ይቀላቀላሉ፣ በኤስ-ቪዲዮ ግን እንደተለያዩ ይደርሳሉ። በፕሮግራሙ ውስጥ ሲስተሙን ፓል ቢ፣ መጠኑን 720 በ576፣ ፍሬሙን 25፣ ድምፁን 48 ኪሎ ኸርዝ ያድርጉ። ቨርቹዋልደብ የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ይህን ያለ ጣጣ ይሠራል። ሃፍዋይዩቪ በተባለው ምንም በማያጎድል አጻጻፍ ከቀዱ ለአንድ ሰዓት 30 ጊጋባይት ገደማ ይፈልጋል፤ ስለዚህ ዲስኩን አስቀድመው ባዶ ያድርጉ።

ሥዕሉ አናቱ ላይ የሚታጠፍ ከሆነ ወይም ድምፁ ከአፍ እንቅስቃሴ ኋላ እየቀረ ከሄደ፣ ጥፋቱ የኮምፒውተሩ እንዳይመስልዎ። ከአሮጌ ቴፕ የሚወጣው የሲንክ ምልክት (መስመሩና ፍሬሙ የት እንደሚጀምር የሚናገረው) ስለሚዋልል መቅጃው ፍሬም ይጥላል፤ በጣለ ቁጥር ድምፅና ሥዕል ይራራቃሉ። መድኃኒቱ ዴኩ ውስጥ ያለውን ቲቢሲ፣ ማለትም የተዋለለውን ምልክት የሚያስተካክለውን ክፍል ማብራት ነው። ዴኩ ከሌለው ደግሞ የፓል ሥሪት የሆነ ፓናሶኒክ ዲኤምአር-ኢኤስ10 ዲቪዲ መቅጃ በዴኩና በኮምፒውተሩ መካከል ማስገባት ነው፤ ምንም ሳይቀዳ ምልክቱን አስተካክሎ ብቻ ያሳልፋል። መቅጃው «ይዘቱ የተከለለ ነው» ብሎ ቢቆምም እንደ እርስዎ ባለው በ1981ዱ የመጀመሪያ ሕትመት ላይ ምክንያቱ ያው የተዋለለ ሲንክ ነው። ማክሮቪዥን የተባለው የቅጂ መከላከያ የመጣው በ1980ዎቹ አጋማሽ ነውና።

ለድምፅም ያው ዕድሜው ይቆጠራል። የቪኤችኤስ ሃይፋይ (ጥራቱ ከፍ ያለው የድምፅ አቀዳድ) ከ1981 በኋላ የመጣ ስለሆነ የመጀመሪያው ሕትመት ድምፅ ያለው በቴፑ ጠርዝ ላይ ባለው ተራ ትራክ ነው። በዴኩ ሜኑ ላይ «ኖርማል» ወይም «ሊኒየር» የሚለውን ይምረጡ። ሻጋታው የጀመረው ከጠርዝ ስለሆነ ድምፁ እዚህም እዚያም ቢደበዝዝ አይደንግጡ፤ አንዴ ደግሞ ማጽዳት ብዙ ጊዜ ያሻሽለዋል።

የፍሬዲ ፊት መደጋገም የካሴቱ ጥፋት ሆኖ አያውቅም። ያ ክሊፕ በኅዳር ወር 1975 ኤልስትሪ ስቱዲዮ በቪዲዮ ካሜራ ሲቀረጽ፣ ካሜራውን ሥዕሉን ወደሚያሳየው ሞኒተር በማዞር ሆን ተብሎ የተሠራ ነው፤ ሞኒተሩ የሚያሳየውን ካሜራው እንደገና ስለሚቀርጸው ፊቱ እየተባዛ ይሄዳል። ይህን ማወቁ ለሥራውም ይጠቅማል፦ የሥዕል ነጠብጣብ ማጽጃ ፊልተር ካበዙበት መጀመሪያ የሚበላው ይህንኑ የሚደጋገመውን የፊት ጭራ ነው። ክሊፑ በፊልም ሳይሆን በቪዲዮ በመቀረጹም በሰከንድ 50 የተለያዩ የእንቅስቃሴ ቅጽበቶች አሉት። እያንዳንዱ ፍሬም በተለያየ ቅጽበት የተቀረጹ ሁለት ግማሾች (ፊልዶች) ተሰባጥረው የሠሩት ነው፤ ይህም ኢንተርሌስ ይባላል። ኢንተርሌሱን ሲፈቱ ወደ 25 ሳይሆን ወደ 50 ፍሬም ይፍቱት፤ ኤፍኤፍኤምፔግ በተባለው ነፃ ፕሮግራም ያዲፍ የሚባለው ፊልተር ቁጥር 1 ላይ ሲደረግ ይህን ይሰጣል። በፊልም የተቀረጹት ክሊፖች በዚህ አይጎዱም፤ እያንዳንዱ ፍሬም ሁለቴ ይደገማል እንጂ። እንቅስቃሴው ወደፊት ሄዶ ወደ ኋላ የሚመለስ ከመሰለ የፊልድ ቅደም ተከተሉ ተገልብጧል፤ «የላይኛው ይቅደም» የሚለውን ይምረጡ።

ከሥዕሉ ግርጌ ጥቂት የተበጣጠሱ መስመሮች ይታያሉ። ይህ ሄዶቹ የሚቀያየሩበት ቦታ ስለሆነ በሁሉም ቪኤችኤስ አለ፤ አይቁረጡት፣ ለማየት በሚያዘጋጁት ቅጂ ላይ በጥቁር ይሸፍኑት። የማያ ቅጂው ስፋት በ4 ለ3 ልክ ይሁን፤ አጻጻፉ ኤች.264፣ የጥራት መለኪያው (ሲአርኤፍ) 18 ቢሆን ይበቃል። መጀመሪያ የቀዱትን ትልቁን ፋይል በሁለት የተለያዩ ዲስኮች ያስቀምጡ።

ዓላማዎ ዘፈኖቹን በጥሩ ሥዕል ማየት ብቻ ከሆነ ግን ይህ ሁሉ ልፋት አያስፈልግም፤ «ግሬተስት ቪዲዮ ሂትስ 1» የተባለው ዲቪዲ በ2002 ወጥቷል፤ ሥዕሉም ሆነ ድምፁ ከየትኛውም ቪኤችኤስ ይበልጣል። መገልበጡ የሚያዋጣው የወንድምዎን ካሴት እንዳለ፣ በድሮው አቀራረቡ ማቆየት ከፈለጉ ነው። ቅጂው ለቤትዎ ይሁን፤ ዩቲዩብ ላይ ከጫኑት ባለመብቶቹ ያስወርዱታል። ካሴቱን እስከ መጀመሪያው ጠቅልለው እንደ መጽሐፍ አቁመው መደርደሪያ ላይ ያስቀምጡት፤ ወደ ቤዝመንቱ አይመልሱት።