መልስ፦ ኤችኤኬ1 የጠፋበት ሩዝ ሲዚየም የመሳብ ልዩነት ካላሳየ

ኤችኤኬ1 (ፖታሲየምንና ሲዚየምን ወደ ሥር የሚያስገባ የሩዝ ዘረመል) የተሰናከለበት ሩዝህ ሲዚየም በመሳብ ከእናት ዝርያው ለምን እንዳልተለየ ጠይቀሃል፤ ምክንያቱ የዘራህበት አፈር ፖታሽ (የፖታሲየም ማዳበሪያ) መጥገቡ ነው። ኤችኤኬ1 ሥሩ ውስጥ የሚበረታው ፖታሲየም ሲያጥር ነው፤ ሲትረፈረፍ ሁለቱም ጥቂት ሲዚየም ይስባሉ።

1. ሁለቱንም ፖታሲየም ባነሰው አፈር ጎን ለጎን ዝራ።
2. ለማጣሪያ ጨረር የሚያወጣው ሲዚየም-137 አያስፈልግህም። ጨረር የሌለውን ሲዚየም-133 በጥቂቱ ጨምር፤ ሥሩ ሁለቱን አይለያቸውም። ከበዛ ግን ተክሉን ይመርዘዋል።
3. ገለባውንና የተፈለፈለውን ፍሬ ለየብቻ ለካ። ገለባውን መጀመሪያ እጠበው፣ የተጣበቀ አፈር ቁጥሩን ያበላሻል።

አንድ ነገር ተጠንቀቅ፦ ኤችኤኬ1 ፖታሲየምም ስለሚያስገባ ዘረመሉ የተሰናከለበት ሩዝ እድገት ፖታሲየም በደኸየ አፈር ይቀንሳል፤ ምርቱንም አብረህ መዝን። በኑክሌር አደጋ ሲዚየም-137 በተበተነበት የጃፓኑ ፉኩሺማ ማሳ ላይ ስትወጣ ደግሞ ፖታሹን አትተው። እዚያ የሚመከረው በ100 ግራም አፈር 25 ሚሊግራም ተለዋጭ (ሥሩ ሊወስደው የሚችል) ፖታሽ ነው።