አባትየውን ለመካድ አትቸኩሉ

ውድ ልጆቼ፣

ይህን የምጽፈው ጎንደር ውስጥ የእንስሳት ሕክምናና የእንስሳት እርባታ ለምትማሩ ነው። የጥጃን ወላጆች በዲኤንኤ ንባብ የሚለይ ወጣት ሳይ ደስታዬ ልክ የለውም። ብቻ አንድ ነገር ልለምናችሁ፤ አባትየውን ለመካድ አትቸኩሉ።

ፎገራ ሜዳ ላይ ከብቱ በጋራ ነው የሚሰማራው። እናትየዋ ትታወቃለች። ያጠቃት ኮርማ የማን እንደሆነ ግን ብዙ ጊዜ ባለቤቷም አያውቅም። የፎገራ ከብት ደግሞ እየተመናመነ ነው። ግጦሹን ሩዝ ወሰደው፣ ከሌላ ዝርያ ጋር ማዳቀሉም በዛ። በቀሩት ላይ ዘመዳሞች እንዳይዳቀሉ አባትን ማወቅ የግድ ነው።

መርሁ ቀላል ነው። ጥጃ በእያንዳንዱ የዲኤንኤ ቦታ አንዱን ፊደል ከእናቱ፣ አንዱን ከአባቱ ይወስዳል። ኤ እና ጂ ከዲኤንኤ ፊደላት ሁለቱ ናቸው፤ ጂጂ ማለት ሁለቱም ፊደል ጂ ነው ማለት ነው። ጥጃው ጂጂ፣ ኮርማው ኤኤ ከሆነ ያ ኮርማ አባቱ አይደለም።

ችግሩ ያለው ንባቡ ላይ ነው። ኮርማው በእውነቱ ኤጂ ነው እንበል። ማሽኑ ያንን ቦታ 2 ጊዜ ብቻ ካነበበው፣ ሁለቱም ንባብ አንድ ፊደል የመሆን ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው። ሁለቱም ኤ ከሆነ ኮርማው ኤኤ ተብሎ ይመዘገባል። ጥጃው ጂጂ ነው። በቃ፣ እውነተኛው አባት ተካደ! 4 ጊዜ ሲነበብ ሁሉም ንባብ አንድ ፊደል የመሆን ዕድሉ ከ8 አንድ ይሆናል፤ 10 ጊዜ ሲነበብ ከ512 አንድ። ስለዚህ ስንት ቦታ ላይ ተጋጨ ከማለታችሁ በፊት፣ የተጋጨው ቦታ ስንት ጊዜ እንደተነበበ እዩ። ንባቡ ከሳሳ ኤኤ ነው ብላችሁ አትቁረጡ፤ ኤጂ የመሆን ዕድሉንም ይዛችሁ አስሉ።

በተቃራኒው፣ ያለቦታው አባት መስጠትም አለ። እውነተኛው ኮርማ ናሙና ካልተወሰደለት ወንድሙ አባት መስሎ ቁጭ ይላል። በስሌቱ ለአባትነት አንደኛ የወጣው ኮርማ ከሁለተኛው ምን ያህል እንደራቀ ተመልከቱ። እረኛውንም ጠይቁት። ጥጃው ከመወለዱ ዘጠኝ ወር ገደማ በፊት የትኞቹ ኮርማዎች ከመንጋው ጋር እንደነበሩ ከእሱ የተሻለ የሚያውቅ የለም።

ማይቶኮንድሪያ፣ ማለትም ሴል ውስጥ ያለው የራሱ ዲኤንኤ ያለው ኃይል ሰጪ ክፍል፣ የሚወረሰው ከእናት ብቻ ስለሆነ እናትነትን ለመጣል ይረዳል። ለማጽደቅ ግን አይበቃም፤ የእናትየዋ እኅትም ያንኑ ይዛለች።

ናሙና ላይ ደግሞ አደራ። የጭራ ፀጉር ከነሥሩ ይነቀል፤ በመቀስ የተቆረጠው ለዚህ ሥራ አይሆንም። የናሙናውን ቱቦ ቁጥር እዚያው ከብቱ ፊት በእርሳስ ጻፉ፤ እስክሪብቶውን አልኮል ያጥበዋል። ስትወልድ በዓይናችሁ ያያችኋትን ላምና ጥጃዋንም ሁልጊዜ አብራችሁ አስነብቡ። እነሱ አልገጥም ካሉ የኮርማዎቹን ውጤት አቆዩትና መጀመሪያ የቱቦዎቹን ቁጥር ከመዝገቡ ጋር አመሳክሩ።